የባለቤቴን ኪሶች ስለገለበጣችሁበት ጠዋት

ለተከበራችሁ የወዳጆች መረብ ድርጅት፣ የቡድን አደረጃጀትና የገመና ጥበቃ ክፍል ኃላፊዎች፤
ባላችሁበት።

ክቡራንና ክቡራት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ዓይናችሁን ከሰው ገመና ላይ ለአፍታ እንኳ ሳትነቅሉ እንዲህ ስትደክሙልን ወገባችሁን እንዳያማችሁ፣ ራሳችሁን እንዳያዞራችሁ፣ የህሊና ነገርም እንቅልፍ እንዳይነሳችሁ ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ደህንነት የጠየቃችሁ እንደሆነ፣ ማለቴ ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ባለቤቴ ግን ሞታለች።

ይህን የምጽፍላችሁ ተራ ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ብቻ የምትይዝ ጠባብ ቤት ስትሆን፣ ከኋላዋ በመጋረጃ የተለየች ሌላ ክፍል አለቻት፤ እዚያ ባለቤቴ ልብስ ትሰፋ ነበር። በእኔ በኩል መቀሱ፣ በእሷ በኩል የስፌት መኪናው ሲንጫጩ ስለሚውሉ ደንበኞቻችን «የእናንተ ትዳር ግድግዳ የለውም» እያሉ ይቀልዱብን ነበር፤ እኛም እንደ ምርቃት እንቀበለው ነበር። ረጅም ደብዳቤ መጻፍ አልለመድኩም፤ ረጅም ወሬ ማውራት ግን የሙያዬ ግማሽ ስለሆነ፣ ከሥራችሁ ብዛት የተረፈች ትዕግሥት ካለቻችሁ እንድታውሱኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ባለቤቴ በታመመችባቸው የመጀመሪያ ወራት ከበሽታው ይበልጥ ያደከማት ሰው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ ደውሎ ያለቅሳል፣ አንዱ ደውሎ ይመክራል፣ አንዱ ደግሞ በዚሁ በሽታ የሞተ የሚያውቀውን ሰው ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ይተርክላታል፤ የታመመችው እሷ ሆና ሳለ አጽናኟም እሷ፣ አድማጯም እሷ ሆነች። በዚህ መካከል ነው የሠርግ ቀሚስ ልትለካ የመጣች አንዲት ልጅ፣ ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ እንደቆመች፣ በእናንተ መረብ ላይ ወዳጆችን በየቡድኑ አደራጅቶ ለአንዱ የሚታየውን ከሌላው መሰወር እንደሚቻል ያጫወተቻት። ባለቤቴ በከንፈሯ ይዛቸው የነበሩትን መርፌዎች አወጣችና «ታዲያ ይሄ ኪስ ነዋ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናንተ ቡድን የምትሉት ነገር በእኛ ቤት ከኪስ በቀር ሌላ ስም አልነበረውም። «ኪስ የሌለው ልብስ ከፈን ብቻ ነው» እያለች ትስቅ ነበር፤ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

የኪሶቿን አሠራር ባጭሩ ላስረዳችሁ፤ ምንም እንኳ አንድ በአንድ ፈታትታችሁ ያያችኋቸው እናንተ ብትሆኑም። እናንተ በምትሰጡት ምሳሌ ሰው «ቤተሰብ»፣ «የሥራ ባልደረባ»፣ «የሩቅ ትውውቅ» እየተባለ ነው የሚደለደለው። እሷ ግን ሰውን በዝምድናው ሳይሆን በልኩ ነበር የለየችው። የሥጋ ዘመድ ሆኖ አንዲት ክፉ ወሬ የማይሸከም አለ፤ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ ብቻ የምናውቀው ሆኖ ተራራ የሚሸከም አለ ትል ነበር። ስለዚህ «ሁሉን የሚችሉ» የሚል አንድ ኪስ አበጀች፤ የምርመራውን ውጤት፣ ማስመለሱን፣ ድካሙን፣ እውነት እውነቱን የምትጽፈው እዚያ ነበር። «ቶሎ የሚያለቅሱ» ላለቻቸው እውነቱን ከግማሽ በታች ቆርጣ ታቀርብላቸዋለች። «ምክር የሚያበዙ» ላለቻቸው የአበባ ፎቶ ብቻ ትልካለች፤ በአበባ ላይ ምክር የሚሰጥ አይኖርም ብላ ነው፤ ሆኖም አንድ ሁለቱ ውሃ እንዳታበዛበት መክረዋታል። ሌላ ከተማ ለሚኖሩት ለእናቷ ደግሞ «ደህና ነኝ» የሚል ኪስ ነበራት፤ እዚያ ሻሿን አሳምራ አስራ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ ታኖርላቸዋለች። አማቴ ልባቸው ደካማ ስለሆነ የሚያውቁት ትንሽ የደም ማነስ እንዳለባት ብቻ ነበር።

እኔ በየትኛው ኪስ እንዳለሁ ጠይቄያት አላውቅም። ምኑ ይጠየቃል? ሐኪም ቤት ወረፋ የምይዝላት እኔ፣ ጸጉሯ መርገፍ ሲጀምር በገዛ ምላጬ የላጨኋት እኔ፤ እኔ ሁሉን ካልቻልኩ ማን ሊችል ነው? በእኔ ስልክ ላይ የሚመጣው ጽሑፏ ሁሉ ቀልድ እንደነበር በእርግጥ አስተውያለሁ። «ዛሬ ሐኪሙ ከእኔ የባሰ ገርጥቶ መጣና እኔው አጽናንቼ ላክሁት» ትላለች፤ እኔም አንብቤ ስቄ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ «አንቺ ሴትዮ» እላታለሁ። ይህችን ሴት ሲፈጥራት ፍርሃት የሚባለውን ረስቶት ነው እያልኩ ለደንበኞቼ ሁሉ በኩራት እናገር ነበር።

ከዚያ እናንተ አሰባችሁልን። በአንድ ጠዋት በየስልካችን ላይ እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፤ «ውድ ደንበኛችን፤ ቡድኖች ብዙዎችን ግራ ሲያጋቡ ስለተመለከትን፣ ለእርስዎ ምቾት ሲባል ሁሉንም ‹ጓደኞች› በሚል አንድ ቡድን አዋህደናቸዋል። በእርስዎ በኩል ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም።» እውነታችሁን ነው፤ ምንም ማድረግ አልተጠበቀብንም፤ ማድረግ የሚቻልም ነገር አልነበረም። ዓመት ሙሉ ለየሰዉ ልክ እየተቆረጠ የተሰፋው ሁሉ ለሁሉም ተዘረገፈ። ትጋታችሁም የሚደነቅ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ቀድሞ ለየትኛው ቡድን እንደተጻፈና ቡድኑ ስንት አባላት እንደነበሩት በደቂቅ ፊደል መመዝገባችሁን አልዘነጋችሁም። ይህን የመሰለ ውለታ በዝርዝር ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁና፣ እነሆ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ የዘመድን ፍቅር ስላደሳችሁልን እናመሰግናለን። የባለቤቴ አጎት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሲሆኑ፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት እሷ ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ ሲነግሯት የኖሩ ሰው ናቸው። ዓመት ሙሉ አበባ ብቻ ሲያዩ የከረሙት እኚህ ሰው ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ ደወሉ። ምን መብላት እንዳለባት፣ በየትኛው ጎኗ መተኛት እንዳለባት፣ ሐኪሟን መለወጥ እንዳለባት፣ ሐኪሟን መለወጥ ካልቻለች ቢያንስ ትራሷን መለወጥ እንዳለባት አስረዷት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና «ለመሆኑ እኔ ምክር አበዛለሁ?» ብለው ጠየቋት፤ መልሷን ሳይጠብቁም ሰውን በስም መፈረጅ ስለሚያስከትለው ጉዳት ሌላ ረጅም ምክር ሰጧት። ቶሎ የሚያለቅሱትም ቶሎ ደወሉ። በመጨረሻ ስልኳን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ሰዎቹ ክፉዎች አለመሆናቸውን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ የደወሉት ስለሚወዷት ነው፤ እሷም አበባ ትልክላቸው የነበረው ስለምትወዳቸው ነው።

፪ኛ፤ ደንበኞቼን ጭምት ስላደረጋችሁልኝ እናመሰግናለን። በእኔ ሙያ ሰው ፊት ለፊት አይተያይም፤ በመስታወት ነው የሚተያየው፤ ስለዚህ የሰው ዓይን ሲሸሽ ቶሎ ይታወቀኛል። የዚያን ቀን መጀመሪያ የመጣው ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ዱቄቱን ከቅንድቡ ሳያራግፍ መጥቶ ስለ ኳስ ሲጮህ መንገዱን ሁሉ የሚያውክ ሰው ነው። ያን ቀን ጭጭ አለ። ቀና ብዬ በመስታወቱ ሳየው ዓይኑን ሰበረ። ቀጥሎ የመጣው የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ጢሙን ከተላጨ በኋላ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «አይዞህ» አለኝና ወጣ። ምላጭ ጉሮሮው ላይ የዋለበትን ሰው እኔ አይዞህ እላለሁ እንጂ እሱ እኔን አይዞህ የሚለኝ በምን ዕዳዬ ነው ብዬ ግራ ገባኝ። ለካስ ሁለቱም «ሁሉን የሚችሉ» ኪስ ውስጥ ነበሩ። እኔ «ሚስቴ ፍርሃት አታውቅም» እያልኩ ስፎክር፣ አንገታቸውን ለምላጬ ሰጥተው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ዓመት ሙሉ ሲያዳምጡኝ ኖረዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ሱቁ ጭር ሲል እኔው በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን በአራተኛው ቁጥር እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብነግራችሁ ሦስተኛውን መጻፍ ያቅተኛል።

፫ኛ፤ እናትን ከልጅ ጋር ስላገናኛችሁ እናመሰግናለን። ስልኬን እንደያዝኩ ከመጋረጃው ወዲያ መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ፤ ባለቤቴ የእናቷን ጥሪ በድምፁ ስለምትለየው የማንንም ባታነሳ የእሳቸውን ታነሳለች። እጇ ሥራ ስለያዘ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አማቴ ሰላምታቸውን አሳጠሩና «ልጄ፣ ስልኬ ላይ ራሷን የተላጨች ሴት ትታየኛለች፤ ማን ናት?» አሉ። የስፌት መኪናው ቆመ። «ደንበኛዬ ናት እማዬ፤ ታማ ነው» አለች ባለቤቴ። አማቴ «ምስኪን፤ እናቷ በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁ። «አሉ» አለቻቸው። «እንግዲያው ለእሳቸው ስትል ትብላ በያት። ልብሷንም አጥብቀሽ አትስፊባት፤ የታመመ ሰው ሰፋ ያለ ነው የሚመቸው» አሉ። «እሺ እማዬ» አለች፤ መኪናው ግን ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። እንግዲህ አማቴ የመንደሩን ሰው ልደትና ሠርግ በሙሉ በእናንተው መረብ ላይ የሚከታተሉ፣ ከጽሑፍ ሥር የማን ስም እንዳለ አሳምረው የሚያነቡ ሴት ናቸው። አውቀዋል። አውቀውም እናንተ የቀደዳችሁትን ኪስ ልጃቸው እንዳታፍር መልሰው ሰፉላት። እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ፣ ተማርኩም።

፬ኛ፤ እኔን ከገዛ ሚስቴ ጋር ስላስተዋወቃችሁኝ እናመሰግናለን። ጸጉሯን የላጨኋት ቀን ለእኔ የደረሰኝ ጽሑፍ «ባሌ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ኖሮ ዛሬ ገና የሚያምር ሥራ ሠራ» የሚል ነበር፤ ለስንቱ አሳይቼ ስቄበታለሁ። ከሥሩ በደቂቅ ፊደላችሁ «ቀድሞ ‹እንዳይፈራብኝ› ለተባለው ቡድን የቀረበ፤ የአባላት ብዛት፦ አንድ» ይላል። ከእሱ ቀጥሎ ለሚችሉት የጻፈችው አለ። «ዛሬ ሲላጨኝ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ቀልድ ስነግረው ዋልኩ። ቀልዱ ሲያልቅብኝ የድሮዎቹን ደገምኩለት፤ እንዳዲስ ሳቀ። በጣም ፈርቻለሁ። ለእሱ ግን ምን ብዬ ልንገረው፤ እኔ ከፈራሁ እሱ ይወድቃል።» ሌላ ቦታ ደግሞ ያቺን የሠርግ ቀሚስ ስትሰፋ «ልጅቷ ለብሳው ሳላይ የምቀር መስሎኝ መርፌው ከእጄ ጠፋ» ብላለች። ከሥሩ ዳቦ ጋጋሪው «አለን፤ ንገሪን» ብሎ መልሶላታል። ክቡራን፣ የተሰማኝን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ አዘንኩ፣ አፈርኩ፣ በዳቦ ጋጋሪውም ቀናሁ። ሚስቴ ፍርሃቷን ለእሱ ሰጥታ ለእኔ ሳቋን ብቻ ነበር የሰጠችኝ። ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

በዚህ መካከል መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «አየኸው እንዴ?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። «ስልኩን ነዋ» አለች። «ኧረ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጎርፍብኝ ውሎ መች ፋታ አገኘሁ» አልኳት። ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልነበረም፤ እኔም የተቀመጥኩት በደንበኛ ወንበር ላይ ነበር። ከኋላዬ ቆማ በመስታወቱ ብዙ አየችኝ። ከዚያ «እንኳን አላየኸው፤ ዝባዝንኬ ነው» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። አማቴ እንዳደረጉት አደረግሁ ማለት ነው፤ የእናንተን ጥፋት ለመጠገን በቤተሰባችን ውስጥ ሦስት ሰው ተሰማራ፣ አንዳችንም ለአንዳችን ሳንናገር።

፭ኛ፤ ይህን ቁጥር በምስጋና ልጀምረው ብዬ ብዙ ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ፤ አልሆነልኝም። ከዚያ ጠዋት በኋላ ባለቤቴ እውነቱን ለማንም አልጻፈችም። የቀራት አንድ ኪስ ብቻ፣ እሱም የሁሉም ስለሆነ፣ ለሁሉም በአንድነት ደህና መሆኗን ብቻ ትጽፍ ነበር። እኔ የተገለጠው ገመናዋ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። ባለቤቴ የምትፈራበት ቦታ ነበራት። እዚያ ገብታ፣ ፈርታ፣ እንባዋን ጨርሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ እኔ ትወጣ ነበር፤ ለእኔ ታመጣልኝ የነበረው ሳቅ ከዚያ እየተቀዳ ነበር። ያን ቦታ ዘጋችሁባት። የመጨረሻ ወራቷን ለእናቷ ጎበዝ፣ ለአጎቷ ጎበዝ፣ ለእኔ ጎበዝ ሆና ኖረች። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ ይዞላት ከመጋረጃው ወዲያ ገባ። «እንደ ድሮው ንገሪና፤ እኛ እንደሆነ የትም አልሄድንም» ሲላት ሰማሁ። «ኧረ ደህና ነኝ፤ ይልቅ ዳቦህ ጨው አንሶታል» አለችው። ወጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና፣ የሚቆረጥ ጸጉር ሳይኖረው፣ ቁረጠኝ አለኝ። ሁለታችንም መስታወቱን ሳናይ ቆረጥኩት።

«አይቻለሁ፤ ነይ እዚህ ፍሪ» ልላት እችል ነበር። ብዙ ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ አንዴ ብናገረው እሷ ለእኔ ብላ የሰፋችውን ያን አንድ ኪስ እኔው በእጄ እንደምቀደው ታወቀኝ፤ ዝም ብል ደግሞ ፍርሃቷን ይዛ ብቻዋን ልትቀር ነው። ዝም አልኩ። ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አላውቅም። የሞተችው ቀልድ እየነገረችኝ ነው፤ ቀልዱን አልጨረሰችውም፤ እኔ ግን ስቄላታለሁ።

ይህን ስታነቡ የአገልግሎት ውላችሁን አውጥታችሁ፣ ባለቤቴ «እስማማለሁ» የምትለዋን በገዛ ጣቷ መጫኗን እንደምትጠቅሱልኝ አልጠራጠርም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ድሮም ያለ ነው። እርግጥ ነው ተጭናለች፤ ውሉ ከሠርግ ቀሚስ ዘርፍ ስለሚረዝም ሳታነበው መጫኗንም አምናለሁ። ብታነበውስ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ደስ ሲላችሁ የሰውን ኪስ እንደምትገለብጡ በየትኛው አንቀጽ ላይ ታገኘው ነበር? ደንበኛ በአደራ የተወውን ልብስ ለምቾቱ ብላ ተርትራ ብትጠብቀው ኖሮ፣ ባለቤቴን ልብስ ሰፊ ብሎ የሚጠራት አይኖርም ነበር።

ካሳ አልጠይቃችሁም። ይቅርታ እንድትሉኝም አልጠይቅም፤ ይቅርታችሁ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል እንደሚላክ አውቃለሁና። የምለምናችሁ አንዲት ነገር ናት።

ባለቤቴ ልብስ ስትሰፋ ሁልጊዜ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ታስቀር ነበር። ሰው ይወፍራል፣ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ይለቀቅለታል ትላለች። እኔንም ስትለካኝ ትርፍ ትታልኝ እንደሆነ አስባለሁ። ምናልባት አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጣ፣ ስሠራ አይታኝ፣ ይሄ ሰውዬ አሁንስ ይችላል ብላ፣ በገዛ ጣቷ ብቻዬን ከነበርኩባት ኪስ አውጥታ ከሚችሉት ጋር ልታኖረኝ ትችል ነበር። እናንተ እሷ ሳትወስን አሻገራችሁኝ፤ ስለዚህ ታደርገው እንደነበር የማውቅበት መንገድ የለኝም። ታዲያ እናንተ ዘንድ ሰው የነካው፣ ነክቶ የተወው፣ ጽፎ ያጠፋው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይቀመጣል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ከሆነ እባካችሁ ፈልጉልኝ፤ ከዚያ ጠዋት በፊት ጣቷ አንድ ጊዜ እንኳ ስሜ ላይ አርፎ፣ ከዚያኛው ወደዚህኛው ሊያዛውረኝ ጀምሮ ያውቅ እንደሆነ። ጀምራ ትታውም ቢሆን ይበቃኛል። ጨርሶ ሳትሞክረው ቀርታ ከሆነ ግን፣ ስለ እግዚአብሔር፣ መልስ አትስጡኝ።

በምቾታችሁ ላይ ምቾት እንዲጨመርላችሁ፣ ከራስ ጸጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ እንዳትታመሙ፣ ብትታመሙም ለማን ምን እንደምትናገሩ የምትመርጡበት ዕድል እንዳይነፈጋችሁ እየተመኘሁ፣ እናንተ ሁሉን የምታዩለት፣ እሱ ግን አንዳችሁንም አይቶ የማያውቅ ትሑት ደንበኛችሁ፤

ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ጸጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከዚህ በፊት ለላክሁላችሁ አጭር አቤቱታ ገና ጣቴን ሳላነሳ መልስ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። «በደረሰብዎ ሐዘን እናዝናለን፤ ለወደፊቱ ገመናዎን ለመጠበቅ፣ ተሻሽሎ በተመለሰው አገልግሎታችን ወዳጆችዎን በቡድን እንዲያደራጁ እንመክራለን» ብላችሁኛል። ምክራችሁን አክብሬ ዛሬ አንድ ቡድን ከፍቻለሁ፤ ያስገባሁበትም እናንተን ብቻ ነው። የቡድኑን ስም ለመግለጽ ባለመቻሌ ግን ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ፤ ገመና ነው።